አጥፍተህ አብራ

ሱሪ ልቀበል ወጥቼ ዳኛ ሆኜ ተመለስኩ። ያውም የክርክሩ ግማሽ ያልገባው ዳኛ። ከዚህ በታች የምጽፈውን ሁሉ አብጠርጥሬ የማውቅ ሰው አድርጋችሁ እንዳታዩኝ፤ ሙያዬ ታሪክ ማስተማር ነው፣ ከኮምፒውተር ጋር ያለኝም ትውውቅ የተማሪ ውጤት ከመሙላት አያልፍም። ቢሆንም የሰማሁትን ይዤ ዝም ልበል ብል ሆዴ አልችል አለኝ። ለአስተማሪም ለወላጅም የሚሆን ምክር አለበትና እንደሆነው እነግራችኋለሁ።

ልብስ ሰፊዬ የሚሠራው ከአንድ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ምድር ቤት ነው። «ዛሬ ና» ያለኝ ሱሪ እንደ ልማዱ አልደረሰም። ጫፉን ማጠፍ ብቻ እንደቀረው ነግሮኝ ወዲህ ወዲያ ብዬ እንድመለስ ለመነኝ፤ ሱቁ ከሱና ከስፌት መኪናው ሌላ ሰው አያስገባም። እኔም ወዲህ ወዲያ ለማለት ወደ ደረጃው ዞር ስል፣ ከመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ክራባት ያሰሩ አንድ ሽማግሌ ጋዜጣ አንጥፈው ተቀምጠዋል። ቀና ሲሉ አጥር የምንጋራቸው ጎረቤቴ፣ ጋሽ ገመድ ናቸው።

ጋሽ ገመድ እናታቸው ያወጡላቸው ስም አይደለም። ኮምፒውተር ብርቅ በነበረበት ዘመን የኔትወርክ ገመድ ጠቅልለው ትከሻቸው ላይ አንጠልጥለው ሲመላለሱ ያየ ሰው ሁሉ በዚያ ጠራቸው፤ እሳቸውም ስሙን አልጠሉትም። በዚሁ ሕንፃ ሦስተኛ ፎቅ ባለው ማሠልጠኛ ኮምፒውተሮችን እርስ በርስ ማገናኘትና መጠገን ያስተምራሉ። እሳቸው ዘንድ የተማረ ሰው መጨረሻ ላይ በየአገሩ የሚታወቅ ፈተና ይፈተናል፤ ካለፈ ሰርተፊኬት ይይዛል፤ ሰርተፊኬት የያዘ ደግሞ ሥራ አያጣም። ይህን ያህሉን እኔም አውቃለሁ፤ የሰፈሩ ወላጅ ልጁን እየጎተተ የሳቸውን በር ሲያንኳኳ ስንት ዘመን አይቻለሁ።

በሥራ ሰዓት ደረጃ ላይ መቀመጣቸው ግን ገረመኝ።

«ጋሼ፣ ምነው በደኅና?» አልኳቸው።

«በደኅና ነው። ተማሪ ሆኛለሁ፤ ደወል እየጠበቅኩ ነው» አሉኝ።

ቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። የጋዜጣውን ግማሽ ለቀውልኝ ጎናቸው አስቀመጡኝና ነገሩን አጫወቱኝ። የማስተማር ፈቃዳቸው በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ለማሳደስ አስተማሪው ራሱ አዲሱን ኮርስ እንደማንኛውም ተማሪ ተቀምጦ መማር፣ ከዚያም መፈተን አለበት። ኮርሱ ዛሬ ከምሳ በኋላ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ይጀመራል፤ ዛሬ ያልተገኘ በዚህ ዙር አይገባም፤ ያልገባ ደግሞ ክፍሉን ለሌላ ያስረክባል። ከሁሉ የባሰው ደግሞ ኮርሱን የምትሰጠው የእህታቸው ልጅ መሆኗ ነው።

«እኔ ቤት አልጋዬ ላይ ስትዘል ያደገች ልጅ» አሉ፣ «ዛሬ ሰሌዳ ፊት ቆማ ‹ጥያቄ አለዎት?› ልትለኝ ነው።»

እኔ ግን ከውርደቱ በፊት ሌላ ነገር ላይ ተደናቀፍኩ። የማስተማር ፈቃድ ያረጃል እንዴ? የኔ ዲግሪ ሳሎን ከተሰቀለ ስንት ዘመኑ፤ ያረጀው መስተዋቱ ነው እንጂ ዲግሪው እስከ ዛሬ ዲግሪ ነው።

«እንደ ወተት የሚበላሽበት ቀን ተጽፎበታል ነው የሚሉኝ?»

«ተጽፎበታል። ሦስት ዓመት ነው።»

«ታዲያ እስከ ዛሬ እንዴት አስተማሩ?»

«ባለቀ ቁጥር ማሠልጠኛ ማዕከሉ ‹ልምድ ያላቸው አንጋፋ ናቸው› እያለ ይጽፍልኝ ነበር። ዘንድሮ ግን ፈቃድ ሰጪዎቹ አይሆንም አሉ። ወረቀት አንቀበልም፣ ሰውየው ራሱ ይቀመጥ አሉ።»

ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። አንጋፋን ሰው ከልጅ እኩል አስቀምጦ መፈተን ነውር ነው፣ እኔን ቢሆን አልቀመጥም አልኳቸው። ፍርዴን የሰጠሁት ክሱን እንጂ መልሱን ሳልሰማ ነው፤ ታሪክ አስተማሪ እንዲህ ማድረግ አልነበረበትም፣ ግን ጎረቤት ነኝ። ጋሽ ገመድ ደስ አላቸውና ክራባታቸውን ላላ አደረጉ። ሊነሡና አብረውኝ ወደ ምድር ቤት ሊወርዱ ሲሉ ከላይ የጫማ ኮቴ ሰማን።

የእህታቸው ልጅ ናት። ቁልፍ በእጇ፣ የሰሌዳ መጻፊያ በኪሷ ይዛ እየተጣደፈች ወረደች። እኔንም ታውቀኛለች፤ ዘጠነኛ ክፍል ታሪክ አስተምሬአታለሁ። ዝቅ ብላ ለሁለታችንም ሰላምታ ሰጠችና እሳቸው ካሉበት አንድ ደረጃ ዝቅ ብላ ቆመች። ከላያቸው ሆና መናገር የከበዳት ይመስለኛል።

«ጋሼ፣ ክፍል ውስጥ ሳጣዎት ደነገጥኩ። ሁሉም ገብተዋል፣ የቀሩት እርስዎ ብቻ ነዎት።»

«አልመጣም» አሉ። «እኔ ከመሠረቱ የማስተምረው ምን ተለወጠ? መረጃ ያው በአድራሻ ከአንዱ ወደ አንዱ ነው የሚሄደው። ፖስተኛው ሞተር ሳይክል ስለገዛ ደብዳቤው ሌላ ነገር አይሆንም። መጽሐፉ በየጊዜው ሽፋን የሚቀይረው ለመሸጥ ነው።»

ልክ ናቸው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ።

«መሠረቱ አልተለወጠም፤ መሠረቱን ከእርስዎ የተሻለ የሚያስተምር የለም» አለች። «ግን ጋሼ፣ ዱሮ አንድ ሰው እያንዳንዱን የኔትወርክ ሳጥን እየዞረ ነበር የሚያዘው። ዛሬ ከወንበሩ ሳይነሣ መቶውን ባንድ ጊዜ ያዛል። ያኔ የሚሠራ ስህተት አንድ ክፍል ያቆማል፤ ዛሬ የሚሠራው መሥሪያ ቤቱን በሙሉ ያቆማል። ልጆቹ የሚፈተኑት በዛሬው ነው፣ እኛ ያስተማርናቸው የትናንቱን ነው። ባለፉት ዙሮች ከክፍልዎ የወደቁት ለምን ይመስልዎታል?»

ይሄም ልክ ነው ብዬ ራሴን ነቀነቅኩ። ሁለተኛ ጊዜ ስነቀንቅ ጋሽ ገመድ አዩኝና አኮረፉ።

«ሰነፎች ስለሆኑ ነዋ። የዛሬ ልጅ የሚያጠናው ስልኩን ነው።»

«የተጠየቁት እኮ ያላስተማርናቸውን ነው።»

«ተይ እንግዲህ ልጄ» አሉ። «አወቅሽ አወቅሽ ቢሏት መጽሐፍ አጠበች አሉ። ትናንት ኪቦርድ ላይ ጣትሽን የያዝኩልሽ እኔ ነኝ።»

ልጅቷ አንገቷን ደፋች። ተረቱ ከሷ ይልቅ ለኔ መረረኝ፤ ምክንያቱም እሷን አታውቅም ብሎ የሚከስ ሰው ራሱ ምን እንደማያውቅ በምን ይለካል? ደግሞ መለስ ብዬ ሳስብ፣ ሽበት የሚከበረው በከንቱ ነው ወይ? እንዲህ ወዲያና ወዲህ ስንገላታ ጋሽ ገመድ ትከሻዬን መታ መታ አደረጉና፣ «መምህር፣ አንተ ፍረድ» አሉኝ። ነገሩ ውሉ ጠፍቶብኝ ነበርና ሱሪዬ ሳይደርስ አይቀርም ብዬ ለመነሣት ሞከርኩ። ሁለቱም አልለቀቁኝም።

ልጅቷ ድምጿን ዝቅ አድርጋ ጠየቀቻቸው።

«ጋሼ፣ የሆስፒታሉን ሥራ ለምን እንደለቀቅኩ ያውቃሉ?»

«ደመወዙ አነሰኝ ብለሽ ነዋ። ያንን የመሰለ ሥራ ጥለሽ በመውጣትሽ እናትሽ ፊት አልወቀስኩሽም?»

«ወቅሰውኛል። ደመወዙ አላነሰኝም ጋሼ። አባርረውኝ ነው።»

ሽማግሌው ቀና ብለው አዩዋት። እሷም ነገሩን ከመጀመሪያው ተረከችልን። አንድ ቢሮ ወደ ሌላ ፎቅ ሲዛወር የአንድ ኮምፒውተር መስመር እንድታስተካክል ታዘዘች። ስዊች የሚባል ሳጥን አለ፤ ኮምፒውተሮቹ ሁሉ ገመዳቸውን የሚሰኩበትና መልእክቱን ለየባለቤቱ የሚያከፋፍል ነው። ለሱ ትዕዛዙን ሰጠችው፤ ከዚያ አጎቷ እንዳስተማሯት ሳጥኑን አጥፍታ አበራችው።

«ሕንፃው በሙሉ በዚያ ሳጥን ነበር የሚሠራው» አለች። «ካርድ ክፍሉ ቆመ። ላቦራቶሪው ውጤት መላክ አቃተው። መድኃኒት ቤቱ መስኮቱን ዘጋ። ሰው ሕፃን ታቅፎ ተሰልፎ ነበር ጋሼ። ሳጥኑም ቶሎ አልተነሣም። ማጥፋት ጨርሶ አያስፈልግም ነበር። አለቃው ‹ይህን ማን ነው ያስተማረሽ?› ሲለኝ ዝም አልኩ። ስምዎን ላነሣ አልፈለግኩም።»

ለጋሽ ገመድ አዘንኩ፤ ለልጅቷ ደግሞ ከዚያ በላይ አዘንኩ። እሳቸው ግን የዕድሜ ልክ ሙያቸውን በአንድ ወሬ የሚለቁ ሰው አይደሉም።

«በጣም አዝናለሁ ልጄ» አሉ። «ሰዓቱን መምረጥ ነበረብሽ። ሕጉ ግን ሕግ ነው። ካስተካከሉ በኋላ አጥፍቶ ማብራት ግድ ነው፤ አለዚያ ትዕዛዙ አይገባም።»

«ሕግ አይደለም ጋሼ። ከዚህ የወጣን ሁሉ እንዲያ ስለምናደርግ በየመሥሪያ ቤቱ ስም አውጥተውልናል። ‹አጥፍተህ አብራ› ይሉናል።»

«ሰምቻለሁ» አሉ ጋሽ ገመድ። «ሙገሳ መስሎኝ ነበር።»

ከዚያ ብድግ አሉ። ጋዜጣቸውን አጠፉና፣ «ነዪ፣ በዓይንሽ ላሳይሽ። አንተም ና፣ ምስክር ትሆናለህ» ብለው ደረጃውን መውጣት ጀመሩ። ተከተልናቸው።

ያስገቡን የራሳቸው መለማመጃ ክፍል ነው። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ የተፋፋቁ ወንበሮች፣ ግድግዳው ላይ በቀለም በቀለም የታሰሩ ገመዶች፣ በጥግ በኩል መደርደሪያ ላይ ክዳኑ የወለቀ አንድ ግራጫ ሳጥን። ተማሪው ሁሉ ሲለማመድ የኖረው በሱ ነው። ጋሽ ገመድ መነጽራቸውን አድርገው ከሳጥኑ ጋር በተያያዘው ኮምፒውተር ፊት ተቀመጡ፤ ጣታቸው ፊደሎቹን አይቶ ሳይሆን አውቆ ነው የሚመታው። አንድ ትዕዛዝ ሰጡት። ሳጥኑ ምንም እንዳልሰማ ቁጭ አለ። እንደገና ሰጡት፤ ያው ነው። ከዚያ ከጀርባው ያለውን ማብሪያ ጫን ብለው አጠፉት፣ አበሩት፣ ጠበቁት። ሲነሣ የታዘዘውን ሁሉ አደረገ።

«አየሽ?» አሉ፣ ወደኔም ዞረው፣ «አየህ?»

አየሁ። ዓይኔ ያየውን እንዴት ልካድ? ፈረድኩላቸው። እንዲያውም ለልጅቷ አፈርኩላት። እሷ ግን ወጣችና ከጎን ክፍል ሌላ ሳጥን አቅፋ መጣች። ከአሮጌው አጠገብ አስቀምጣ ገመዱን ሰካችለት።

«ያንኑ ትዕዛዝ ለዚህ ይስጡት ጋሼ። እኔ እጄን አላስገባም።»

ቀስ ብለው ጻፉት። የመጨረሻዋን ቁልፍ ከመጫናቸው ትዕዛዙ ገባ። እጃቸው ወደ ማብሪያው ሄዶ አየር ላይ ቀረ። ትዕዛዙን ሽረው ሌላ ሰጡት፤ እሱም ወዲያው ገባ። ሌላ ሰጡት። ከዚያ መነጽራቸውን አውልቀው አሮጌውን ሳጥን ያዩት ጀመር። እኔ አሁን ማን ልክ እንደሆነ ጨርሶ ጠፋኝ። ሁለቱም ሳጥን ዓይኔ ፊት ነው፣ ሁለቱም እንደየባለቤቱ አፍ ሠርቷል። ታዲያ እውነቱ የቱ ጋ ነው?

መልሱ የመጣው ከሳቸው ነው። ሲናገሩ ለኛ የሚናገሩ አይመስሉም ነበር።

«ይሄ ሳጥን አሮጌ ሆኖ ነው የተገዛው። ሲመጣም ታሞ ነው የመጣው። ለመጀመሪያዎቹ ተማሪዎቼ ‹ይሄኛው በሽተኛ ነው፣ ካላጠፉት አይሰማም፣ ሌሎቹ እንዲህ አይደሉም› ብዬ ነግሬአለሁ። ለሁለተኞቹም ነግሬአለሁ። ከዚያ በኋላ መድገሙ ሰለቸኝ መሰለኝ፣ ‹አጥፉና አብሩ› ብቻ እል ጀመር። እያደር ራሴም ረሳሁት። እኔ እኮ አውቅ ነበር። የአንድ ሳጥን በሽታ ሕግ አድርጌ ለስንት ልጅ አስተማርኩ።»

እንዲህ ያለውን ስህተት ማንም ክፉ ሰው አይሠራውም፣ ማንም ሰነፍ አይሠራውም። የሚሠራው አንድ ክፍል ውስጥ፣ በአንድ ሳጥን፣ ሳይወጣና ሳያይ ብዙ ዘመን የደከመ ታታሪ አስተማሪ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። እኔ ደግሞ ከዚያን ቀን ወዲህ ከጠመጠሙ በኋላም መማር አይቅር እላለሁ። የተማረ ሰው እውቀቱ ትክክል እንደነበረ ስለሚያስታውስ ዛሬም ትክክል ይመስለዋል።

ልጅቷ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ጋሽ ገመድ በመሐረብ ግንባራቸውን ጠርገው፣ ደረጃ ላይ ያስቀመጣቸውን እውነተኛውን ነገር ያን ጊዜ ተናገሩት።

«ኩራት ብቻ አይደለም» አሉ። «አዲሱን መጽሐፍ ገዝቼ ቤት ደብቄዋለሁ። ምዕራፍ አንድን ደጋግሜ አነበብኩት። የራሴ ቤት ገብቼ ዕቃው ሁሉ ቦታ ቀይሮ የጠበቀኝ መሰለኝ። የማውቀው ቃል ሁሉ ሌላ ቦታ ተቀምጧል። ስንት ዘመን መምህር ተብዬ ከምዕራፍ አንድ ማለፍ አቃተኝ ብዬ ለማን ልናገር?»

«ለኔ ይንገሩኝ» አለች።

እንባዬ መጣ፤ አልደብቅም። እሷ ግን ጊዜ አልሰጠችንም። እሷም ሆስፒታሉ ካባረራት በኋላ አዲሱን ፈተና መጀመሪያ ስትቀመጥ እንደወደቀች፣ አሁንም አዲስ ዓይነት ሳጥን በወጣ ቁጥር ራሷ እንደሚዞር ነገረቻቸው።

«ግራ የተጋባ አስተማሪ አያስፈራኝም ጋሼ፤ አዲስ ነገር ይዟል ማለት ነው» አለች። «የሚያስፈራኝ ለብዙ ዓመት ግራ ተጋብቶ የማያውቀው ነው።»

ይህን ስትል ለምን ወደኔ እንዳየች እስከ ዛሬ አልገባኝም።

ከዚያ ያሰበችውን ዘረዘረችላቸው። ኮርሱ ፈተና ለማለፍ ብቻ አይደለም። አርብ አርብ ከሰዓት አስተማሪዎቹ ተራ በተራ አንዱ ለሌላው ያስተምራል፤ አንዱ ያነበበውን አምጥቶ ሌሎቹ በሳጥን ላይ ይሞክሩታል። በየጊዜው ደግሞ የቀድሞ ተማሪዎች ወደሚሠሩበት ቦታ ሄደው ዛሬ ምን እንደሚሠራና ምን እንደማይሠራ በዓይናቸው ያያሉ። ብቻዋን ልትጀምረው እንደማትችል፣ ወጣቶቹ አስተማሪዎች የሚከተሉት የሳቸውን ፈለግ እንደሆነ ነገረቻቸው። እሳቸው ከቀሩ እነሱም ነገ ማዕከሉ እንዲጽፍላቸው ይፈልጋሉ።

«እርስዎ መሠረቱን ያውቃሉ፤ እኔ አዲሱን አውቃለሁ» አለች። «ለየብቻችን ሁለታችንም ጎዶሎ ነን።»

ጋሽ ገመድ ወደኔ ዞሩ። «ምን ትፈርዳለህ?»

ፍርድ አልነበረኝም። ስለ ሳጥኑ ምንም አላውቅም፤ ጎን ክፍል ውስጥ ሰዎች እንደሚጠብቋቸው ግን አውቃለሁ። ያንኑ ነገርኳቸው። ተነሡ፣ የላላውን ክራባታቸውን መልሰው ጠበቅ አደረጉና ገቡ።

ሲገቡ አስተማሪዎቹ በሙሉ ከወንበራቸው ተነሡ። አብዛኞቹ የሳቸው ተማሪዎች ነበሩ። «ተቀመጡ» አሏቸው ጋሽ ገመድ፣ «እኔም ልቀመጥ ነው የመጣሁት።» ፊት ለፊት ባዶ ወንበር ነበር፤ እዚያ ተቀመጡ። የእህታቸው ልጅ ትምህርቷን ጀመረች። በር ላይ ቆሜ ጥቂት ሰማሁ። ከምትናገረው አንዱም አልገባኝም። የጋሽ ገመድ እጅ ግን ቶሎ ቶሎ ይነሣ ነበር፤ እየጠየቁ፣ እየተሳሳቱ፣ እየሳቁም ነበር። ሌሎቹ መጀመሪያ ለመጠየቅ ያፍሩ ነበር፣ የሳቸውን እጅ ሲያዩ የነሱም ተነሣ። ሱሪዬን የተቀበልኩት ሱቁ ሊዘጋ ሲል ነው።

ፈተናውን አለፉ። ለጥቂት ነው ያለፍኩት ብለው አጥር ላይ ራሳቸው ነገሩኝ፤ ለጥቂት ያሉትም በኩራት ነው። ነገሩ ግን በዚህ አላበቃም። ፈቃዳቸው ከታደሰ በኋላ በነበረው ቅዳሜ፣ ሊያገኙ የቻሉትን የቀድሞ ተማሪዎቻቸውን ሁሉ ጠሩ። እኔንም ጠሩኝ። ክፍሉ ሞልቶ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ፀጉራቸው የሸሸ የክፍል ኃላፊዎች ነበሩ፣ ትናንት የተመረቁም ነበሩ። ሁሉም የመሰላቸው መምህሩ ጡረታ ሊወጡ ነው። አንዳንዱ ስጦታ ጠቅልሎ መጥቷል።

ጋሽ ገመድ ሁለቱን ሳጥኖች ጎን ለጎን አስቀምጠው፣ እኛ ያየነውን አሳዩዋቸው። ከዚያ ያለ ማለባበስ ተናገሩ።

«አጥፍታችሁ አብሩ ያልኳችሁ ስህተት ነው። በሽታው የዚህ ሳጥን ነበር፣ ለናንተ ሕግ አድርጌ ሰጠኋችሁ። በዚህ ምክንያት ሥራዋን ያጣች ልጅ አለች፤ የእህቴ ልጅ ናት፣ ማን አስተማረሽ ሲሏት ስሜን የደበቀች። ያስተማርኳት እኔ ነኝ።»

ከእንግዲህ የዚህ ቤት አስተማሪ በየሦስት ዓመቱ ራሱ እንደሚፈተን፣ አርብ አርብ እርስ በርሱ እንደሚማማር፣ እነሱ ወደሚሠሩበትም እየመጣ እንደሚያይ ነገሯቸው። «ይህ የሚበጀው ለአስተማሪው ብቻ አይደለም» አሉ። «ተማሪው የተማረውን ፈተናው ላይ ያገኘዋል። ቀጣሪው የቀጠረውን ሰው ከመጀመሪያው ቀን ያሠራዋል። ልጅ የታቀፈች እናት ካርድ ክፍል ፊት አትጉላላም። አስተማሪውም ወንበሩን አያጣም፣ የተማሪውን ፊት ሲያይም አይሸማቀቅም። እናንተም ከኔ የሰማችሁትን ሁሉ እኔ ስላልኩት ብቻ አትያዙት፤ ሞክሩት፣ ጠይቁ፣ ከተሳሳትኩ መጥታችሁ ንገሩኝ።»

ሰው ያጨብጭብ ወይ ይዘን ግራ ገብቶት ነበር። በመካከል አንድ ወፍራም ሰው፣ የአንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ነው፣ እጁን አነሣ።

«ጋሼ፣ ልጆቹ ዛሬ መሥሪያ ቤት አንድ ነገር እያስተካከሉ ነው። ሲጨርሱ አጥፉና አብሩ ብያቸው ነው የመጣሁት።»

«ታዲያ ምን ትጠብቃለህ? ደውልላቸው» አሉት።

ሰውየው ስልኩን እያወጣ ወደ ኮሪደሩ ወጣ። ሌላው ተከተለው። ግድግዳ የተደገፉትም ተነቃነቁ፤ ወዲያው ከክፍሉ ግማሹ ኮሪደር ላይ ቆሞ ይደውል ጀመር። «እንዳታጠፋው፣ ተወው» ይላል አንዱ። «አይ፣ ሌላ ሰው አይደለም፣ ራሳቸው ናቸው ያሉት» ይላል ሌላው። የእህታቸው ልጅ በሩ ላይ ቆማ ወደ ውስጥም ወደ ውጭም ታያለች።

«ጋሼ፣ ልጥራቸው ወይስ ያለነሱ ይቀጥላሉ?» ብላ ጠየቀቻቸው።

ጋሽ ገመድ ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ተያቸው፣ ይጨርሱ» አሉ። «ከዚህ የሚበልጥ ትምህርት የለኝም።»